የዕድር ዳኛና የመንግሥት ዳኛ፦ ደንብ ለምታረቁ

የዕድር ደንብ መጻፍ ቀላል ይመስላል። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ በቃ። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ከመመረጤ በፊት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የድሮው ደንባችን አንዲት መስመር ነበረችው። «አባል አባልን ለዕድሩ ዳኛ ሳያመለክት ፍርድ ቤት ከከሰሰ 500 ብር ይቀጣል፤ ካልከፈለ ይሰረዛል» ትላለች። ማን እንደጻፋት የሚያስታውስ የለም። ስትነበብ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ጎረቤት በሽማግሌ ይታረቅ ማለት ደግ ነገር ነዋ። ከዚያ አንዲት አባላችን ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣላች፣ ቀጥ ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ተቀጣች፣ አልከፍልም አለች፣ ተሰረዘች። አራት ወር ሳይሞላ እናቷ ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳኑም ከመጋዘን አልወጣም። በዚያ የሐምሌ ዝናብ ልጆቿ ከሰፈር ሸራ ተውሰው፣ አንዱን ጫፍ ከበሩ አንዱን ከመብራት እንጨት ጋር አስረው ሲወጥሩ፣ እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ መንገድ ማዶ ቆሜ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥቂት ቆይቶ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ሰው ፍርድ ቤት ስለሄደ የምትቀጡት በምን ሥልጣን ነው የሚል። ዳኛችን ተቆጡ። «ዕድር ከመንግሥት በፊት ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን መልስ አይሆንም። እናም ደንቡ እንደገና ይጻፍ ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሠራነው ነው። እናንተም ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ ወይም የሽማግሌ ኮሚቴ ካላችሁ በዚህ መንገድ ሞክሩት።

መጀመሪያ ብዕሩን አስቀምጡና አንድ ታሪክ ተነጋገሩ። እኛ የተነጋገርነው የሞርሞኖችን ነው። ለምን እነሱን? ከዕድር የማይበልጥ ሆኖ ተነሥቶ አገር ሊሆን ጥቂት የቀረው ማኅበር ስፈልግ እነሱን የሚያህል አላገኘሁም። በ1830 (የነሱን ቀንና ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ) ኒውዮርክ ውስጥ ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ወጣት በስድስት መሥራቾች ስም ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 60 ዓመታት ከተማ ቆረቆሩ፣ የራሳቸውን ፍርድ ቤትና ጦር አቋቋሙ፣ ተባረሩ፣ በረሃ ላይ ሌላ መንግሥት ሊመሠርቱ ሞከሩ፣ የፌዴራል ሠራዊት ዘመተባቸው፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ በመጨረሻም በሕጉ አደሩ።

አንድ ምክር። ታሪኩን ስታወሩ ከእምነታቸው አትጀምሩ። በኛ አገር እንደዚያ ከጀመራችሁ አንዱ ተነሥቶ «መናፍቅ ናቸው» ይላል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ስብሰባው የዶግማ ክርክር ሆኖ ይበተናል። እኔ የጀመርኩት ከማኅተም ነው፣ ሥልጣኑ በማን እጅ ነው ከሚለው። ማኅተም የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው።

በ1840 መጨረሻ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ናቩ ለምትባለው የሞርሞኖች ከተማ ሰፊ ቻርተር፣ ማለትም የከተማ መተዳደሪያ ሕግ፣ ሰጣት። የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፍርድ ቤት፣ ናቩ ሌጅን የሚባል የራሷ ሚሊሻ ኖራት። ይህ በሕግ የተሰጠ ነው፣ ማንም አልሰረቀውም። ችግሩ የመጣው ወንበሮቹ አንድ ሰው ላይ ሲከማቹ ነው። ስሚዝ የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ነው፣ የሚሊሻው ጄኔራል ነው፣ ከ1842 ጀምሮ ከንቲባ ነው፣ ከንቲባ በመሆኑም የከተማዋ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነው። በ1843 ቀድሞ ይኖሩባት የነበረችው የሚዙሪ ግዛት እንዲያዝ ሰዎች ስትልክበት የራሱ ከተማ ፍርድ ቤት ለቀቀው። ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ገምቱ። «እነዚህ ጋ ሄጄ ብከስ ማን ይፈርድልኛል?» ነው የሚለው።

አሁን ወረቀት አውጡና ከላይ «ማኅተም፣ ቁልፍ፣ ደብተር፣ ገንዘብ፣ ፍርድ» ብላችሁ ጻፉ። ከየሥሩ ማን እንደያዘው በስም አስቀምጡ። እኛ ስንሞላው ከአምስቱ አራቱ ላይ የዳኛችን ስም ወጣ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እንዲያውም ሌላው ሰው ሥራ ስለማይወድ ሁሉን ሲያሸክማቸው ኖሯል። ግን አንድ ሰው ቅጣቱን ይወስናል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ አቤቱታውንም ራሱ ይሰማል። ደግሞ በዕድር ሰብሳቢውን «ዳኛ» ማለታችን ነገሩን አባብሶታል፤ ቀስ እያለ ሰውየውም አባሉም እውነተኛ ችሎት ይመስላቸዋል። እኛ ቁልፉን ለአንድ፣ ደብተሩን ለሌላ፣ የባንኩን ፊርማ ለሦስት አከፋፈልን። አቤቱታ የሚሰሙ ደግሞ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ መረጥን። ሴቶቹ ያስፈለጉበትን ምክንያት አላብራራም፣ በለቅሶ ቤት ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ደንባችሁ ውስጥ «የዕድሩን ስም ያጠፋ ይቀጣል» የምትል ነገር ካለች ፈልጓት። በብዙ ደንቦች ውስጥ አለች። ስሚዝን ያጠፋው ይኸው ነገር ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ሰኔ 7 ቀን 1844 ከማኅበሩ የተገነጠሉ ሰዎች «ናቩ ኤክስፖዚተር» የሚባል ጋዜጣ አወጡ፣ የሥልጣኑን መከማቸትና በስውር የሚደረገውን ከአንድ በላይ ማግባት ነቀፉ። የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ ጋዜጣውን የሕዝብ ጠንቅ ነው አለና በከንቲባው ትእዛዝ በሦስተኛው ቀን ማተሚያው ተሰባበረ። የወጣው አንድ እትም ብቻ ነው። ቁጣው ተነሣ፣ ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም ካርቴጅ ከተማ ታሰሩ፣ ሰኔ 27 ቀንም ፍርድ ሳይሰጥ መሣሪያ የያዘ መንጋ እስር ቤቱን ሰብሮ ገደላቸው። ማተሚያው በተሰበረ በ17 ቀን ማለት ነው። በጥር 1845 ቻርተሩም ተሻረ። እኛ የስም ማጥፋቷን መስመር ሰርዘን «ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ወይም በቃል ያቅርብ፣ በ15 ቀን መልስ ይሰጠዋል» የምትል አስገባን። ጸሐፊ ነኝና መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ይኸው ነው ቅጣቴ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ስብሰባው ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የማኅበሩ ነው ማለት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይደለም። ኢሊኖይ ከመምጣታቸው በፊት ሚዙሪ ውስጥ ነበሩ። እዚያ በ1833 ጎረቤቶቻቸው ማተሚያ ቤታቸውን አፍርሰው ከወረዳው አባረሯቸው። ጥቅምት 27 ቀን 1838 ደግሞ ገዥው ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ከግዛቲቱ ይውጡ፣ አለበለዚያ ይጥፉ የሚል ትእዛዝ ፈረመ። በሦስተኛው ቀን ሃውንስ ሚል በሚባል ሰፈር 17 ሰዎች ተገደሉ። ትእዛዙ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው፣ ከ138 ዓመት በኋላ። ስለዚህ መንግሥት ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እጅ ንሡ የሚል ነገር ከኔ አትሰሙም። ቃለ ጉባኤ በአግባቡ ያዙ ነው የምላችሁ። ሞርሞኖች ከሚዙሪ ሲወጡ የጠፋባቸውን መሬትና ከብት በመሐላ እያስመዘገቡ አቤቱታቸውን እስከ ዋሽንግተን ወሰዱ። ካሣ አላገኙም። ዛሬ ግን የደረሰባቸው በዝርዝር የሚታወቀው በነዚያ ወረቀቶች ነው። የናንተ ቃለ ጉባኤ ቀን፣ የተገኙት ሰዎች ቁጥር፣ የተቃወመውም ስም ይኑረው። «በሙሉ ድምፅ» እያላችሁ አትሙሉት። ማንም አያምነውም።

ዋናው ሥራ አሁን ነው፦ የትኛው ጉዳይ የኛ ነው፣ የትኛውስ የኛ አይደለም?

የሞርሞኖች ነገር እዚህ ላይ በጣም ያስተምራል፤ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ላይ አለ። ከስሚዝ ሞት በኋላ ብሪገም ያንግ አብዛኛውን ሕዝብ ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። በሐምሌ 1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ሲደርሱ ቦታው ገና የሜክሲኮ ነበር። በረሃ ነው፣ መንግሥት የለም፣ ውኃ የለም። ቦይ ቆፈሩ። ውኃውን ማን መቼ እንደሚያጠጣ፣ የማን በሬ የማንን ማሳ እንደበላ፣ ማን ዕዳውን እንዳልከፈለ የሚያየው የየአጥቢያው ጳጳስ ነበር። እነሱ ጳጳስ የሚሉት እንደኛ መነኩሴ አይደለም፣ እርሻና ሚስት ያለው የሰፈር ሰው ነው። ጠበቃ የለም፣ የዳኝነት ገንዘብ የለም፣ ግቡ ማስታረቅ ነው። ይህ በደንብ ሠርቷል። ሽምግልናችንን ይመስላል፣ እኔ በበኩሌ ስሰማው ቀናሁ።

ግን አባል አባልን በመንግሥት ፍርድ ቤት ከከሰሰ በቤተ ክርስቲያን ሊቀጣ፣ አልፎም ሊለይ ይችል ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ ዝም አለ። የኛዋ መስመር ናታ! ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ገና በ1835 ራሳቸው ባጸደቁት ጽሑፍ የሃይማኖት ማኅበር በሰው ንብረትና ሕይወት ላይ መፍረድ አይችልም፣ አካላዊ ቅጣትም መስጠት አይችልም፣ የሚችለው ከማኅበሩ መለየት ብቻ ነው ብለው ነበር። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ውኃው፣ ሱቁና ገበያው ሁሉ በማኅበሩ እጅ በሆነበት ሸለቆ ውስጥ «መለየት ብቻ» ቀላል ቅጣት አይደለም። በኛም ሰፈር «መሰረዝ ብቻ» ማለት እናትህን ያለ ድንኳን ቅበር ማለት ነው።

የኛ አገር ሕግ ለዚህ መስመር አለው፣ ግልጽም ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄዳችኋል ብሎ መቅጣት ከዚህ ጋር ይጋጫል፣ ነገሩ ያለቀው እዚህ ነው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን አይከለክልም፣ ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ነው። «ከፈቀዱ» የምትለዋን ደንባችሁ ላይ በደማቁ ጻፏት። ዕርቅ ስታወርዱም በወረቀት አድርጉት፣ ሁለቱ ይፈርሙ፣ ምስክር ይኑር፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስምምነትንና ዕርቅን ያውቃቸዋል፣ የተጻፈ ነገር ደግሞ ነገ ይናገራል።

ወንጀል ሲሆን እጃችሁን አንሡ። ደም ማድረቅ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በኛ አካባቢ አሉ፣ ሥራቸውም ትልቅ ነው፣ ቂምን ያበርዳሉ። ግን ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። ሽማግሌ ሁለት ቤተሰብ ያስታርቃል እንጂ ገዳይን ነጻ አያወጣም። ጋብቻም እንደዚሁ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን «ባህላችን ነው፣ በሽማግሌ ጨርሰነዋል» የሚል ኮሚቴ የሞርሞኖቹን የ1879 ጉዳይ ያንብብ። ጆርጅ ሬይኖልድስ የሚባል ሰው ሁለተኛ ሚስት ማግባት ሃይማኖቴ ነው ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እምነትህን አንነካም፣ ድርጊትህን ግን ሕግ ሊገዛው ይችላል ብሎ ፈረደበት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፣ እኔ ግን ልጅ ስትዳር ዝም ያለን ሽማግሌ የሚያድን ክርክር አላውቅም።

ጠመንጃን በደንባችሁ ውስጥ በየትኛውም መልክ አታስገቡ። በ1857 ፕሬዚዳንት ቡካናን አዲስ ገዥ ከሠራዊት ጋር ሞርሞኖቹ ወደሠፈሩባት ዩታ ሲልክ አገሩ ሁሉ በፍርሃት ተወጥሮ ነበር። በዚያው መስከረም 11 ቀን የአካባቢው የሞርሞኖች ሚሊሻ ማውንቴን ሜዶውስ ላይ በዚያ ያልፉ የነበሩ 120 ያህል መንገደኞችን ገደለ፣ ሴትና ልጅ ሳይቀር። የተቀጣው ጆን ሊ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከ20 ዓመት በኋላ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት የለብኝም።

ገንዘብን በአጭሩ ልበል። ዕድራችሁ ብድር ማበደር ከጀመረ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ጠይቁ። ሞርሞኖች ኦሃዮ ሳሉ የባንክ ፈቃድ ተከልክለው ስሙን ለውጠው የገንዘብ ወረቀት አተሙ፣ በ1837 ከሰሩ፣ ብዙ አባልም በዚያ ተጣላ። ንብረትም በግለሰብ ስም አይሁን፣ ዕድሩ ይመዝገብ፣ ድንኳኑም መሬቱም በዕድሩ ስም ይሁን። ተመዝግቦም ግን ከሕግ ጋር መጋጨት አያዋጣም፦ በ1887 ከአንድ በላይ ማግባትን ለማጥፋት የወጣው የኤድመንድስ ታከር ሕግ የሞርሞኖችን ማኅበር በሕግ አፍርሶ ከ50,000 ዶላር በላይ ያለውን ንብረት ወረሰ። በዚያው ሕግ የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ የነበራቸውን የመምረጥ መብት አጡ። ሁለት ትልልቆች ሲጣሉ ማን እንደሚረገጥ ይኸው።

«የኛስ ምሳሌ የለም ወይ?» ለሚሉ አባቶች አለ። መንዝ ሂዱ፣ ጓሳን እዩ። የአስቦና የጌራ ዘሮች ያን ሣር ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲፈቀድ ይታጨድ ነበር፣ አለቃውንም ይመርጡ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ፣ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ መለሰው። ልብ በሉ፣ ቀሮ ስለ ሣር ነው። ሣር መጠበቅን በደንብ ያውቅበታል፤ እኔም የምወድለት ይህንኑ ነው።

የመጨረሻው ሥራ አስቸጋሪው ነው፦ የተሳሳተውን መስመር መሻር። እዚህ ላይ ሽማግሌዎች «ዝም ብለን እንተዋት፣ አንጠቀምባት» ይላሉ። አይሆንም። በመስከረም 1890 የሞርሞኖቹ መሪ ዊልፎርድ ውድረፍ በሕግ የተከለከለው ከአንድ በላይ ማግባት ይቁም ብሎ በይፋ አወጀ፣ በ1896 ዩታ ክፍለ ግዛት ሆነች። ግን አንዳንዶች በድብቅ ቀጠሉ፣ ሴኔቱ ከ1904 ጀምሮ ለዓመታት መረመራቸው፣ በዚያው ዓመትም ሁለተኛ አዋጅ ማውጣት ግድ ሆነ። ያልተነገረ ሽረት ሽረት አይደለም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባል ሁሉ ተጠርቶ፣ የድሮው መስመር ጮክ ብሎ ተነቦ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ዳኛውም ጸሐፊውም ከጎኑ ይፈርሙ። በዚያ መስመር ተቀጥተው የከፈሉ ካሉ ገንዘባቸው ይመለስ። በኛ ደብተር ሦስት ሰዎች ተገኙ፣ አንዱ መቀጣቱን ራሱ ረስቶት ነበር፤ 500 ብሩን ሲቀበል ሳቀ።

እሷ ግን አልከፈለችም ነበርና የምንመልስላት ገንዘብ የለም። ዳኛችን ጋቢያቸውን ደርበው፣ እኔ ቁልፉን ይዤ ቤቷ ሄድን። የእናቷ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዳኛችን «ልጄ፣ አጥፍተናል» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ድንኳኑን እንደምናመጣ ነገርኳት። ሸራውን አየች፤ አሁንም ታጥፎ ከበሩ ጥግ ቆሟል።

«ድንኳኑ ይቅር» አለች። «አግዳሚ ወንበር ካላችሁ ግን አምጡ፣ ሰው ይበዛል።»

ሃያ አመጣን።